ከአሊክስ ጋር ከሲቲ 17 መውጣት፦ የሃፍ ላይፍ 2 ሁለቱን ኤፒሶዶች ታሪኩን ሳያባክኑ ለመጫወት

ሃፍ ላይፍ 2 መልስ ሳይሰጥ የሚያልቅ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ሲቲ 17 በተባለችው ከተማ ውስጥ፣ ሲታደል በሚባለው ሰማይ ጠቀስ ምሽግ አናት ላይ ፍንዳታው ገና መንቦግቦግ ሲጀምር ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ሻንጣ አንጠልጣዩ ጂ-ማን ብቅ ይልና ተጫዋቹ የሚሆነውን ጎርደን ፍሪማንን ይዞት ይሄዳል። አጠገቡ የነበረችው አሊክስ ቫንስ ግን እሳቱ ፊት እንደቆመች ትቀራለች። ሠሪው ኩባንያ ቫልቭ ጨዋታውን ያወጣው በ2004 ነበር። የአሊክስን ዕጣ ለማወቅ ተጫዋቹ የመጀመሪያው ማስፋፊያ፣ ኤፒሶድ ዋን፣ እስከወጣበት እስከ ጁን 2006 መጠበቅ ነበረበት። ኤፒሶድ ቱ ደግሞ በኦክቶበር 2007 ተከተለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ሁለቱ ኤፒሶዶች ላይ ላዩን ሲታዩ ያው ተኩስ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ጠላት ናቸው። ልዩነቱ ያለው አጠገባችሁ በምትራመደው ሰው ላይ ነው። በዋናው ጨዋታ ጎርደን አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው ብቻውን ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታው በሙሉ የተሠራው ለሁለት ሰው ጉዞ ነው። አሊክስ ትተኩሳለች፣ ትቀልዳለች፣ ትፈራለች፣ ጎርደን የማይናገረውን ሁሉ እሷ ትናገራለች። እየሮጠ የሚያልፍ ተጫዋች ታሪኩንም፣ ግማሽ የተኩስ ኃይሉንም ያጣል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ አንድ ነጥብ የሚቀዳ ነው። የታሪኩን ትልልቅ መታጠፊያዎች አላወጣም፤ የምትጣበቁባቸውን ቦታዎች ግን አንድ በአንድ እናያለን።

ደረጃ 1፦ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

መጀመሪያ ዋናውን ጨዋታ ጨርሱ። ኤፒሶዶቹ ማን ማን እንደሆነ ቆመው አያስረዱም፤ ዶክተር ክላይነር፣ ኢላይ ቫንስ፣ ጁዲት ሞስማን፣ ባርኒ ሁሉም የምታውቋቸው ሰዎች እንደሆኑ ተቆጥሮ ነው የሚገቡት። ዋናውን ጨዋታ ከጨረሳችሁ ዓመታት ካለፉ ሁሉንም መድገም አያስፈልግም። ከምዕራፍ ዝርዝሩ ላይ ሲታደል ውስጥ የሚካሄዱትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች መርጣችሁ ተጫወቱ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኤፒሶድ ዋን ስትሻገሩ መገጣጠሚያው አይታወቅም።

ማግኘቱ ቀላል ሆኗል። ቫልቭ የጨዋታውን 20ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በኖቬምበር 2024 ባወጣው ማሻሻያ ሁለቱንም ኤፒሶዶች ከዋናው ጨዋታ ጋር አዋህዷቸዋል። በስቲም (የቫልቭ የጨዋታ መሸጫ) ላይ ሃፍ ላይፍ 2 ያለው ሰው ሁለቱም አሉት፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል።

ሎስት ኮስት የምትባለው በ2005 የወጣች አጭር ክፍል የብርሃን ቴክኖሎጂ ማሳያ እንጂ የታሪኩ አካል አይደለችም፤ ብትዘሏት የሚጎድል የለም። በ2020 የወጣውን ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስን ግን አጥብቃችሁ ራቁት። ታሪኩ የሚካሄደው ከሃፍ ላይፍ 2 በፊት በመሆኑ ቀድሞ መጫወት ያለበት ይመስላል። መዝጊያው ግን የኤፒሶድ ቱን ፍጻሜ ላየ ሰው የተሠራ ነው፤ ቀድማችሁ ካያችሁት ሁለቱንም ፍጻሜዎች ታበላሻላችሁ።

ደረጃ 2፦ ማስተካከያዎቹን ንኩ

ስለ ኮምፒውተር አቅም ብዙ አትጨነቁ። ጨዋታው የተሠራበት ሶርስ ኢንጂን ዛሬ ያረጀ ላፕቶፕም የሚሸከመው ነው።

ይልቅ የግርጌ ጽሑፉን አስቡበት። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፦ አንዱ ንግግርን ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው የተኩስና የፍንዳታ ድምፆችን ሁሉ ጨምሮ ይገልጻል። መስማት ለማይችል ተጫዋች ሁለተኛው ግድ ነው። ለሌላው ግን ንግግር ብቻ የሚጽፈው ይሻላል፤ ውጊያ ሲጦፍ የድምፅ መግለጫው ስክሪኑን ሞልቶ አሊክስ በመሐል ጣል የምታደርጋትን ቃል ይውጣታል። እሷ ደግሞ በባዶ አፏን አትከፍትም። "ከኋላ!" ስትል በእርግጥም ከኋላ የሚመጣ አለ።

የክብደት ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ መካከለኛው ላይ ተዉት። ከባዱ ደረጃ ጠላቶቹ ብዙ ጥይት እንዲጠጡ ከማድረግ ያለፈ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም። ደረጃውን በጨዋታው መሐልም መቀየር ስለሚቻል አንድ ቦታ ላይ ከታገታችሁ ለጊዜው ዝቅ ማድረግ ነውር አይደለም።

ጨዋታው በየምዕራፉ መሐል ራሱ ያስቀምጣል፤ ሆኖም በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ኤፍ 6 ፈጣን ማስቀመጫ፣ ኤፍ 9 ፈጣን መመለሻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሰው የማጀብ ወይም ሕንፃ የመከላከል ውጊያ ከመጀመሩ በፊት ከማውጫው ገብታችሁ የተለየ ማስቀመጫ ፍጠሩ። ፈጣን ማስቀመጫው በተበላሸ ሁኔታ ላይ እያላችሁ ከተጫነ ወደ ኋላ መመለሻ ያሳጣል።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። በተለይ ኤፒሶድ ዋን ውስጥ የድምፅን አቅጣጫ ለይቶ ማወቅ ከማየት በላይ የሚጠቅምበት ረጅም ክፍል አለ።

ደረጃ 3፦ የስበት መሣሪያውን እንደ ዋና መሣሪያ ቁጠሩት

በዋናው ጨዋታ ግራቪቲ ገን ብዙ ጊዜ ሳጥን ለመወርወር የሚወጣ፣ ጠመንጃ ሲገኝ ደግሞ የሚረሳ ነገር ነው። በኤፒሶዶቹ ግን የመንገዱ ግማሽ የሚከፈተው በእሱ ነው። የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይስባል፣ ግራው ይወረውራል። የጂ ቁልፍ ከየትኛውም መሣሪያ ወደ እሱ ያሻግራል፣ ዳግመኛ ሲጫን ወደ ነበራችሁበት ይመልሳል። ይህችን ቁልፍ እጃችሁ እስኪለምዳት ተለማመዱ፤ ኋላ በኤፒሶድ ቱ ሃንተር ከሚባሉት ጠላቶች ጋር ስትጋጠሙ ትፈለጋለች።

ሦስት ልማዶች ያዙ። አንደኛ፣ ወደ እናንተ የተወረወረን የእጅ ቦምብ አትሽሹት፤ ቀኙን ቁልፍ ተጭናችሁ አየር ላይ ቀልቡትና ለባለቤቱ መልሱለት። ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ዕቃ ፊታችሁ ይዛችሁ መሄድ ጋሻ ነው። ሦስተኛ፣ ሩቅ ያለ የጥይትና የሕክምና ሳጥንን በእግር ከመሄድ ይልቅ ሳቡት።

ደረጃ 4፦ ኤፒሶድ ዋን፣ ከፍርስራሹ እስከ ሲታደል እምብርት

አምስት ምዕራፎች ናቸው፤ ሳይጣደፉ የሚጫወት ሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስድበታል። መነሻው ላይ ዶግ የተባለው የአሊክስ ግዙፍ ሮቦት ጎርደንን ከፍርስራሽ ሥር ቆፍሮ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የአሊክስን አቀባበል መሣሪያ እየፈለጋችሁ አትለፉት። ጨዋታው ካሜራውን ከእጃችሁ ነጥቆ ፊልም አያሳይም፤ የምታዩት ፊታችሁን ወዳዞራችሁበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲናገር ቆማችሁ ተመልከቱት። የፊት ገጽታ አሠራሩ የዚያን ዘመን ጨዋታዎች የማይደርሱበት ነበር፤ አሊክስ ቃል ሳትናገር በቅንድቧ ብቻ የምትለው ብዙ ነገር አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ግብ ግልጽ ነው፦ የሲታደል እምብርት ሊፈነዳ ነው፤ ከተማው ውስጥ የቀሩት ሰዎች እንዲያመልጡ ፍንዳታውን ማዘግየት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሁለት ምዕራፎች እጃችሁ ላይ ያለው ከተለመደው በላይ ኃይል የተሞላ ግራቪቲ ገን ብቻ ነው፤ ወታደርን ራሱን አንስቶ ይወረውራል።

እዚህ ሰው የሚጣበቀው በኃይል ኳሶቹ እንቆቅልሽ ላይ ነው። መላው አንድ ነው። ወደ ክፍሉ ስትገቡ ምንም ሳትነኩ ኳሱ ከየት እንደሚወጣና የት ገብቶ እንደሚጠፋ በዓይናችሁ ተከተሉ። ባዶ መቀበያ ካለ እሱ ነው የሚፈለገው፤ ኳሱን ከጉዞው ላይ ሳቡና ወደዚያ ወርውሩ። ድልድዩ ወይም አሳንሰሩ ካልተንቀሳቀሰ ያልሞላ ሌላ መቀበያ ከጀርባችሁ ወይም ከእግራችሁ በታች አለ። ወደ እምብርቱ ውስጥ የምትገቡት ብቻችሁን ነው፤ መከላከያ ልብስ ያለው ጎርደን በመሆኑ አሊክስ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ትቀራለች። ስትለያችሁ የሚሰማው ባዶነት በኤፒሶድ ቱ ለሚመጣው ነገር ቅምሻ ነው።

ደረጃ 5፦ ጨለማው

ሎውላይፍ የተባለው ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁለቱም ኤፒሶዶች በጣም የምወደው ነው፤ ብዙ ተጫዋች የሚማረርበትም ይኸው ምዕራፍ ይመስለኛል። የግራቪቲ ገኑ ልዩ ኃይል ጠፍቷል፣ መብራት የለም፣ ጥይት ጥቂት ነው፣ ዋሻው በዞምቢ ተሞልቷል። የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጎ ማለፍ ያጓጓል። አታድርጉት፤ ምዕራፉ የተሠራው በዚያ ጨለማ ላይ ነው።

አሠራሩን ከተረዳችሁት ፍርሃቱ ወደ ቅንጅት ይለወጣል። አሊክስ በጨለማ አታይም። የምትተኩሰው እናንተ በባትሪ ያበራችሁበትን ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ መሣሪያችሁ ብርሃን ነው፤ ባትሪውን ጠላቱ ላይ አሳርፉና ያዙት፣ ጥይቱን እሷ ታወጣለች። የእሷ ጥይት አያልቅም፣ የእናንተ ያልቃል። ሾትጋኑን በጣም ለቀረበ አውጡት እንጂ ሩቅ ላለ አታባክኑት።

ችግሩ በኤፒሶድ ዋን የባትሪው ኃይል ከሩጫው ኃይል ጋር ከአንድ ቋት የሚቀዳ መሆኑ ነው። ብዙ ከሮጣችሁ ጨለማ ውስጥ ትቀራላችሁ። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ፀጥ ባለበት ቦታ ባትሪውን አጥፉና ይሙላ። (ኤፒሶድ ቱ ሁለቱን ለያይቷቸዋል፤ እዚያ ይህ ሥጋት የለም።) የሚነድ የምልክት ችቦ ስታገኙ በግራቪቲ ገን አንሱት፤ ብርሃንም ይሰጣል፣ ዞምቢ ላይ ሲያርፍም ያቃጥለዋል።

ዞምቢ የሆነው የኮምባይን (ምድርን የያዘው ወራሪ ኃይል) ወታደር፣ አሊክስ "ዞምባይን" ብላ የምትቀልድበት፣ ከሌሎቹ ይለያል። ይሮጣል፤ ሲቆስል ደግሞ የእጅ ቦምብ ከወገቡ አውጥቶ ይዞ ይመጣባችኋል። በዚያች ቅጽበት ግራቪቲ ገኑን አነጣጥራችሁ ቦምቡን ከእጁ ንጠቁት፣ ዞምቢ ወደ በዛበት ጥግ ወርውሩት። አንዴ ከተሳካላችሁ እንዲህ ዓይነቱን ወታደር ሆን ብላችሁ መፈለግ ትጀምራላችሁ።

ሁለት ቦታዎች ላይ ሰው ይወድቃል። የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያው ነው። ከመሬት ጉድጓድ እየፈለቁ የሚመጡት አንትላየን የተባሉት ግዙፍ ነፍሳት ቢገደሉ አያልቁም፤ መዘጋት ያለበት ጉድጓዱ ነው። በአካባቢው የቆሙትን መኪናዎች በግራቪቲ ገን እየገፋችሁ ጉድጓዱ ላይ ጣሉ። ቅርብ ካለው ጉድጓድ ጀምሩ፤ አንትላየኖቹን ለአሊክስ ተዉላትና ዓይናችሁን ከመኪናው ላይ አትንቀሉ።

ሁለተኛው አሳንሰሩ ነው። ከተጠራ በኋላ ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያ መሐል ዞምቢዎቹ በጨለማ ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ። መፍትሔው የሚዘጋጀው አሳንሰሩን ከመጥራታችሁ በፊት ነው። ዙሪያውን ፈትሹ፤ የሚፈነዱ በርሜሎችንና ችቦዎችን ሰብስቡ፣ በርሜሎቹን ከራቃችሁበት መግቢያ አጠገብ አስቀምጡ፣ ጨዋታውን አስቀምጡ፣ ከዚያ ጥሩት። ጀርባችሁን ለአሳንሰሩ በር ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ከአሊክስ አትራቁ።

ደረጃ 6፦ ከከተማው መውጣት

ከዋሻው ወጥታችሁ ሰማይ ስታዩ ጨዋታው ወደ ተለመደው የጎዳና ውጊያ ይመለሳል። ኮምባይንና አንትላየን ሲዋጉ ካገኛችኋቸው ተዉአቸው፤ የተረፈውን ትጨርሳላችሁ። አሊክስ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ይዛ ከፍ ካለ ቦታ በምትሸፍናችሁ ጊዜ ከዕይታዋ ውጭ አትሩጡ። እዚያ የእናንተ ድርሻ ጠላትን ከመሸሸጊያው አውጥቶ ለእሷ ማሳየት ነው።

በሆስፒታሉ ጣራ ሥር ከሚመጣው ገንሺፕ (የኮምባይን በራሪ የጦር መሣሪያ) ጋር የሚደረገው ውጊያ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ሮኬቱ የሚሄደው እናንተ ወዳነጣጠራችሁበት ነው፣ ገንሺፑ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚመጣበትን ሮኬት ተኩሶ ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጎን ተኩሱ፣ ሮኬቱን አዙራችሁ ከጎኑ አስገቡት። በየመሐሉ ከጣራው ያልተበሳሳ ክፍል ሥር ተጠለሉ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሰዎችን በቡድን በቡድን ወደ ባቡር ጣቢያው ማጀብ ነው። እውነቱን ለመናገር የኤፒሶዱ ደካማ ክፍል ይህ ነው፤ አንድ መንገድ ደጋግሞ መመላለስ ያሰለቻል። የሚያቀልለው መላ ግን አለ። ሰዎቹን ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ብቻችሁን ቀድማችሁ መንገዱን አጽዱ። በእያንዳንዱ ዙር ጠላት ባለፈው ጊዜ ባልነበረበት ቦታ ስለሚጠብቃችሁ "ይህን አጽድቼዋለሁ" ብላችሁ አትዘናጉ። ከዚህ ቀጥሎ ጣቢያው ላይ የሚጠብቃችሁ ስትራይደር፣ ረጃጅም ሦስት እግር ያለው የኮምባይን ግዙፍ፣ በጭነት ኮንቴይነሮቹ መሐል እየተሯሯጣችሁ በሮኬት የምትጥሉት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ሰው እዚያ አይተርፍም።

ደረጃ 7፦ ኤፒሶድ ቱ፣ ዋሻውና ጉዞው

እዚህ ሁሉም ነገር ይሰፋል። ሰባት ምዕራፎች ናቸው፤ ከኤፒሶድ ዋን ይረዝማል፣ መልክዓ ምድሩም ከኮንክሪት ወደ ጥድ ደንና ተራራ ይለወጣል። ከባቡሩ ፍርስራሽ ወጥታችሁ ከገደሉ አፋፍ ላይ የሲታደልን ቦታ ስታዩ ጥቂት ቆም በሉ፤ የኤፒሶዱ ሙሉ ጥድፊያ የሚመነጨው ከዚያ ሰማይ ላይ ከሚታየው ነገር ነው።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ የሚደርሰውን አልናገርም። ውጤቱ ግን አሊክስ ለጊዜው ከአጠገባችሁ አለመኖሯ ነው፤ በእሷ ፋንታ አብሯችሁ የሚጓዘው ቮርቲጎንት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የሰዎች አጋር ፍጡር፣ ነው። ከባድ ምት ያለው፣ የተከበረ አነጋገር የሚናገር ጓደኛ ነው፤ ንግግሩን አስጨርሱት፣ ስለ ጂ-ማን ከሌላ ቦታ የማይገኝ ፍንጭ በየመሐሉ ይጥላል።

የማዕድን ዋሻው መከላከያ ውጊያ ላይ ጥቃቱ የሚመጣበትን ዋሻ ጠቋሚ መብራቶች ያሳያሉ። መብራቱን እንጂ አንትላየኑን አትጠብቁ። የተተከሉት አውቶማቲክ መሣሪያዎች ሲገፉ ይወድቃሉ፤ የወደቀውን ወዲያው አቁሙት፣ ወደ ዋሻው አፍ አዙሩት፤ ከእናንተ ይልቅ ብዙ የሚገድሉት እነሱ ናቸው። አሲድ የሚተፉት አንትላየኖች ሲሞቱ ስለሚፈነዱ ከሩቅ ግደሏቸው።

በዋሻዎቹ ውስጥ የሚያሳድዳችሁን ግዙፍ ጠባቂ አንትላየን ልትገድሉት አትሞክሩ፤ እንዲሞት አይፈለግም፣ ምክንያቱን ቮርቲጎንቱ ይነግራችኋል። እሱ የማይገባባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች በየርቀቱ አሉ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የምትሮጡት ተንደርድሮ ሲያልፋችሁ ነው። በግድግዳው ላይ የሚያበሩት ትሎች ሲጨፈለቁ ትንሽ ጤና ይሰጣሉ። በጠቅላላው 333 ናቸው፣ ሁሉንም የጨፈለቀ ሽልማት አለው። በመጀመሪያው ዙር ግን አትቁጠሯቸው። ይህንኑ ምክር ለአትክልት ቦታ አሻንጉሊቱም እሰጣለሁ። ከኤፒሶዱ መጀመሪያ አንስቶ የጉዞው መድረሻ በሆነው የነጩ ደን ጣቢያ እስካለው ሮኬት ድረስ አሻንጉሊቱን ተሸክሞ ማድረስ ዝነኛ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ከመኪናው እየወደቀ፣ እየተመለሱ እየፈለጉት፣ የአሊክስን ወሬ መስማት ዘበት ነው።

መኪናው ከመጣ በኋላ ጉዞው ደስ ይላል። የሩጫ ቁልፉ ፍጥነት ይጨምራል፣ ዞምቢ በመንገድ ላይ ካለ ጥይት አታባክኑ። በኋላ መኪናው ላይ ራዳር ይገጠማል። ምልክት ሲያሳይ ውረዱና የተደበቁትን የአቅርቦት ሣጥኖች ፈልጉ፤ በየቤቱ ስትገቡ አሊክስ የምትሰጠው አስተያየት ከጥይቱ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ሄሊኮፕተሩ ሲያሳድዳችሁ በጥይት አትድከሙ፤ የሚጥላቸውን ቦምቦች በግራቪቲ ገን ይዛችሁ ወደ ላይ መልሱለት።

ደረጃ 8፦ ሃንተርን መግደል መማር

ሦስት እግር ያለው ሃንተር የዚህ ኤፒሶድ አዲስ ጠላት ነው፤ እሱን መግደል ሳይችሉ የመጨረሻውን ውጊያ መጨረስ አይቻልም። የሚተኩሳቸው ቀስት መሰል ነገሮች የወደቁበት ቦታ ላይ ተሰክተው ትንሽ ቆይተው ይፈነዳሉ። ስለዚህ በአጠገባችሁ ሲሰኩ ከቦታው ልቀቁ፤ "አልመታኝም" ብሎ መቆም ነው የሚገድለው።

በጥይት ሊገደል ይችላል፣ ግን ብዙ ይፈጃል። ደካማ ጎኑ ከባድ ዕቃ ነው። ግንድ፣ በርሜል፣ የብረት ቁራጭ፣ የተገኘውን ሁሉ በግራቪቲ ገን በሙሉ ኃይል ወርውሩበት። ይበልጥ የሚያረካው ደግሞ የራሱን ጥይት መመለስ ነው፦ የያዛችሁት ዕቃ ላይ ቀስቶቹ ሲሰኩ ሳይፈነዱ ወደ እሱ መልሳችሁ ወርውሩት። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ በመኪና ግጩት። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ በር ላይ አትቁሙ፤ ተንደርድሮ ይገባል። ሆቴሉ ውስጥ የሚገጥማችሁ አድፍጦ ጥቃት ይህንን ሁሉ የምትለማመዱበት ቦታ ነው። እዚያ በጥይት ብቻ ካለፋችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በዕቃ ብቻ ሞክሩት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይህን ችሎታ ይጠይቃል።

ደረጃ 9፦ ነጩ ደንና የስትራይደሮቹ ውጊያ

ወደ ሮኬት ጣቢያው ስትደርሱ መሣሪያችሁን ለአፍታ እርሱት። ኢላይ፣ ክላይነርና ነጭናጫው ዶክተር ማግኑሰን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ብቸኛው ጊዜ ነው። ማግኑሰን ስለ ተበላሸ የማይክሮዌቭ ምሳ የሚያነሳው ቅሬታ በ1998ቱ የመጀመሪያ ሃፍ ላይፍ ውስጥ አንድ ቁልፍ የነካ ተጫዋች ራሱ ያደረገውን ጥፋት የሚያስታውስ ነው። ኢላይና አሊክስ ሲነጋገሩ ከክፍሉ አትውጡ።

የመጨረሻው ውጊያ ብዙ ሰው የሚበሳጭበት ነው፤ የሚበሳጨውም በአብዛኛው ቅደም ተከተሉን ስለሚስት ነው። ስትራይደሮች ከሸለቆው ወደ ሮኬቱ ይመጣሉ። የሚገደሉት በማግኑሰን ፈንጂ ነው፦ በግራቪቲ ገን ወርውራችሁ ስትራይደሩ ላይ ታጣብቁታላችሁ፣ ከዚያ መሣሪያ ቀይራችሁ ፈንጂውን ትተኩሱበታላችሁ። በዙሪያው ያሉት ሃንተሮች ግን ፈንጂውን ይመቱባችኋል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው።

መጀመሪያ ሃንተሮቹን ጨርሱ፣ በተቻለ መጠን በመኪናው። ሁለት ሦስቱን ገጭታችሁ ስትወርዱ የቀረው አንዱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ፈንጂውን ከመኪናው ጀርባ ካለው ማስቀመጫ ሳቡት፣ ወደ ስትራይደሩ አካል ጠጋ ብላችሁ ወርውሩ፣ የጂ ቁልፍን ተጭናችሁ ወደ ጠመንጃ ተመለሱና ተኩሱ። ከሩቅ መወርወር አታሳድዱ፤ ፈንጂው ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትራይደሩም ይንቀሳቀሳል።

መኪናው የሚይዘው አንድ ፈንጂ ነው። ስለዚህ አንዱን እንደተጠቀማችሁ ቀጣዩ ስትራይደር እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በየሕንፃው ካሉት ማከፋፈያዎች አንዱ ዘንድ ሄዳችሁ ሙሉ። ስትራይደሮቹ በመንገዳቸው ያሉትን ሕንፃዎች ያፈርሳሉ፣ የፈረሰ ሕንፃ ማከፋፈያውም አብሮ ይጠፋል። ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ ሸለቆውን በመኪና ዞራችሁ ማከፋፈያዎቹ የት የት እንዳሉ ካያችሁ ከባዱ ሥራ ተቃልሏል። ሁለት ስትራይደር በአንድ ጊዜ ሲመጣ ወደ ሮኬቱ የቀረበውን አስቀድሙ። ሬዲዮ ላይ የሚነገራችሁ አቅጣጫ ትክክለኛ ነው፤ የግርጌ ጽሑፉ እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

ውጊያው ሲያልቅ ጨዋታው አላለቀም። ቀሪውን ደቂቃ ስልክ እየነካካችሁ አትለፉት፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛው ዙር

ኤፒሶድ ሦስት የተባለው ክፍል አልወጣም። ቫልቭ በ2024ቱ መታሰቢያ ዘጋቢ ፊልሙ ላይ ከተጀመረው ሥራ ጥቂት ምስሎችን አሳይቷል፤ ከዚያ በላይ ታሪኩን የሚያስቀጥለው ከላይ የጠቀስኩት ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ ነው፤ እሱም የሚጫወተው በቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ብቻ ነው።

መነጽሩ ከሌላችሁ ኤፒሶዶቹን የሠሪዎቹን ማብራሪያ ከፍታችሁ ድገሟቸው። በየቦታው የሚንሳፈፉ ምልክቶች ይታያሉ፤ አንዱ ላይ አነጣጥራችሁ የኢ ቁልፍን ስትጫኑ ያንን ቦታ የሠራው ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገው ያስረዳል። የጨለማውን ምዕራፍ ከእነሱ ማብራሪያ ጋር ማለፍ ጨዋታን ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው።

አሻንጉሊቱና 333ቱ ትሎችም ለዚህ ዙር ናቸው። በኤፒሶድ ዋን ደግሞ ከሁሉም የሚመረጠው ፈተና በሙሉ ጉዞው አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ መጨረስ ነው። የእጅ ቦምብ፣ ሮኬት፣ ግራቪቲ ገንና የብረት መፈንቀያው ይፈቀዳሉ፤ የቀረውን ተኩስ ሁሉ ለአሊክስ መተው ግድ ይላል፣ ስለዚህ ባትሪ መያዝን በደንብ ያስተምራል። ያችን አንድ ጥይት ለዞምቢ እንዳታባክኗት፤ ባርኒ መፈንቀያውን ከመስጠቱ በፊት በጥይት ካልሆነ የማይሰበር አንድ ቁልፍ መንገዱን ዘግቶ ይጠብቃችኋል።